አንደኛ ክፍል፣ 62 ልጆች፣ አምስት ቀን፦ ሳምንቱን እንዴት ላደራጅ?

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ተመደብኩ። አማርኛውንም ሒሳቡንም በየቀኑ የማስተምረው እኔ ነኝ። 62 ልጆች አሉኝ፤ ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ነው የሚሠራው። ልጆቹ የፊደል ገበታውን በዜማ ከዳር እስከ ዳር ይሉታል፤ አንድ ፊደል ነጥዬ ስጠይቃቸው ግን ይጠፋባቸዋል። ሰኞ ያስተማርኩት ዓርብ የለም። ደብተር ማደልና ማረም ጊዜዬን በላው፤ ከመጽሐፉም ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ሳምንቱን እንዴት ባደራጀው ይሻላል?»

ምላሽ፦

መምህርት፣ ብዙ ነገር የጠየቁ ይመስላል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ፊደሉ ተነጥሎ ሲመጣ የሚጠፋባቸው፣ የሰኞው ትምህርት ዓርብ ላይ የማይገኘው፣ እርስዎም ከመጽሐፉ ወደ ኋላ የቀሩት፣ በሳምንቱ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው የሚሰማበት ሰዓት ስለሌለ ነው። 62 ልጅ በአንድ ድምፅ ሲያነብ ክፍሉ ያነበበ ይመስላል። ጥቂቶቹ በእርግጥ ያነባሉ፤ ብዙዎቹ የእነዚያን ድምፅ ጅራቱን ይዘው ይከተላሉ፤ የቀሩት አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሰሌዳው አጠገብ ለቆመ ሰው ሦስቱም አንድ ሆነው ነው የሚሰሙት።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፦ በየቀኑ 13 ደቂቃ ማትረፍ፣ በዚያች 13 ደቂቃ ውስጥ 13 ልጅ አንድ በአንድ መስማት። 13 በአምስት ቀን 65 ይሆናል። 62ቱም በሳምንት አንድ ጊዜ ይደርሳቸዋል፤ በትርፏ ቦታ ደግሞ ቀርተው የነበሩ ልጆች ይገቡባታል።

መጀመሪያ ግን ችግሩን በዓይንዎ ይዩት። አንድ ልጅ ወደ ገበታው ጠርተው «ቤ የታለች?» ይበሉት። ጣቱን ትተው ከንፈሩን ይመልከቱ። በሹክሹክታ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ» እያለ ከዳር ተነሥቶ ከደረሰባት፣ የሚያውቀው ዜማውን ነው፤ ቤን ገና አያውቃትም። ሌላም ሙከራ አለ። «በሬ ሳር በላ።» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ክፍሉ ሁለት ቀን በኅብረት ካነበባት በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን ምንም ሳይናገሩ እዚያው ቦታ ላይ «በሬ በር ሰበረ።» ብለው ይጻፉ። የማያውቁት ፊደል የለባትም። ቢሆንም ከኋላ ወንበር «በሬ ሳር በላ!» የሚል ድምፅ ጮክ ብሎ ይመጣል። ያ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የመጀመሪያዋን ቃል በመልኳ ለይቶ የቀረውን ከትዝታው ሞላው። ለብቻው አንብቦ ስለማያውቅ ደግሞ እስከ ዛሬ ማንም አላረመውም።

የቄስ ትምህርት ቤት ይህንን አሳምሮ ያውቀው ነበር። ልጁ ሀ ሁ ሂን በዜማ ከጨረሰ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» በሚለው በሌላው አደራደር እንደገና እንዲቆጥር ይደረጋል። በአቡጊዳ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ፊደሉም ይለወጣል፣ ቅርጹም ይለወጣል፤ የሀ ሁ ዜማ እዚህ አያድነውም። በዚያ ላይ ልጁ በስንደዶ እየነካ የሚቆጥረው የኔታ ፊት ቀርቦ ለብቻው ነው። እኛ ዜማውን ወረስንና እነዚህን ሁለት ብልሃቶች መንገድ ላይ ጣልናቸው። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ሲመዘን፣ ከአንድ አጭር ጽሑፍ አንድም ቃል ማንበብ ያቃታቸው ብዙ ልጆች ተገኝተዋል። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያልሄዱ አልነበሩም፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በኅብረት ያነበቡ ናቸው።

«13 ደቂቃውን ከየት ላምጣው?» ይሉ ይሆናል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። አንድ ቀን ሰዓትዎን ይያዙና፣ በሩን ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ ልጆቹ እርሳስ አንሥተው ሥራ እስኪጀምሩ ስንት ደቂቃ እንደሚሄድ ይቁጠሩ። ስም ጥሪው፣ ደብተር እደላው፣ እርሳስ የተሰበረበት፣ ሽንት ቤት የሚለው፣ «ዝም በሉ!» የሚለው ሲደመር ሰባት ደቂቃ ቢወጣ፣ በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ በሳምንት ዐሥር ነውና 70 ደቂቃ ይሆናል። የሚፈልጉት 65 ነው። እጅዎ ላይ ነበረ ማለት ነው።

ከስም ጥሪው ይጀምሩ። 62 ስም ጠርቶ 62 «አቤት» መጠበቅ በትንሹ አራት ደቂቃ ይወስዳል። የእያንዳንዱን ልጅ መቀመጫ ቋሚ ያድርጉት። በአንድ ዴስክ ሦስት ልጅ ከተቀመጠ 21 ዴስክ ነው፤ ዴስኮቹን በአንድ ካርቶን ላይ ሥለው ስሞቹን በእርሳስ ይጻፉባቸው፣ ልጅ ሲቀያየር በላጲስ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሥራ ላይ እያሉ ክፍተቱን በዓይን አይቶ አቴንዳንስ መሙላት ከአንድ ደቂቃ አያልፍም።

እርሳስ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አንደኛ ክፍልን ግን ከምንም በላይ የሚያቋርጠው እርሱ ነው። አንድ ካርቶን ላይ ስድስት ቀዳዳ ይብሱና ስድስት የተቀረጹ እርሳሶች ይሰኩበት። የተሰበረበት ልጅ ሳይጠይቅ ሄዶ የራሱን ሰክቶ አንድ የተቀረጸ ይወስዳል፤ ትምህርቱ ሲያበቃ ይቀያይራል። ቀዳዳ ያስፈለገው ባዶው እንዲታይ ነው፤ በቆርቆሮ ውስጥ የተጠራቀመ እርሳስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማን እንደወሰደው ሳይታወቅ ያልቃል። በትምህርት ሰዓት መቅረጽ የለም። ምላጭ ደግሞ ፈጽሞ ክፍል ውስጥ አይግባ።

ለሽንት ቤት በሩ አጠገብ ሁለት ሚስማር ላይ ሁለት እንጨት ይስቀሉ፣ አንዱ ለሴት አንዱ ለወንድ። እንጨቱ ካለ ልጁ ይዞት ይወጣል፤ ከሌለ ሌላ ልጅ ወጥቷል ማለት ነውና ይጠብቃል። የሰባት ዓመት ልጅን «ቆይ፣ ሲደወል» ማለት ውጤቱ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ስለረጠበ ሱሪው ነው።

ለዝምታ አንድ ምልክት ብቻ ይኑርዎት። ለምሳሌ እርስዎ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ እነሱ ሁለት ጊዜ መልሰው እጃቸውን ዴስኩ ላይ ያሳርፋሉ። ምልክቱን የሚገድለው መምህሩ ራሱ ነው፦ ግማሹ እያወራ ትምህርቱን ከቀጠለ፣ ማጨብጨቡ ዝም ማለት እንደማይጠይቅ ልጆቹ በዚያው ቀን ይማራሉ። የመጨረሻው ልጅ እስኪያርፍ ቆመው ይጠብቁ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፣ እያደር ወደ አምስት ሰከንድ ይወርዳል። በዱላ የሚመጣ ዝምታ ለዚህ አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ያደረገ መሆኑ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ከዚያም ሌላ፣ የፈራ ልጅ ለብቻው እንዲያነብ ሲጠራ ድምፁ አይወጣም፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ያንን ድምፅ ነው።

እነዚህ ልማዶች በማስጠንቀቂያ አይመጡም፣ እንደ ማንኛውም ትምህርት ይሰጣሉ። እርስዎ ያሳያሉ፣ ሦስት ልጆች ወጥተው ያደርጉታል፣ ቀጥሎ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ ሁሉም። በማግስቱ ደግሞ ይደገማል። ዓመቱ ቢጋመስም አልረፈደም፤ ግን ሁሉንም በአንድ ሰኞ አይጀምሩ። በሳምንት አንድ ልማድ ይበቃል። ከመንፈቅ ዓመት ዕረፍት በኋላም ሁለት ቀን ወስደው ይከልሱት፤ ልጆች ፊደሉን እንደሚረሱ ልማዱንም ይረሳሉ።

አሁን ወደ ሳምንቱ እንግባ። ምሳሌው የ«በ» ቤተሰብ ይሁን፤ ልጆቹ ለ፣ መ፣ ሰ እና ረን ከነቤተሰባቸው ተምረዋል እንበል። የእርስዎ መጽሐፍ ቅደም ተከተል ሌላ ከሆነ ቃላቱን ብቻ ይለውጡ።

ሰኞ አዲስ ፊደል አይጻፍም። ሰኞ የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት ይረዝማል፣ የሚያረፍደው ይበዛል፣ ሁለት ቀን ደብተር ያልተገለጠበት ቤትም ብዙ ነው። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ያለፈው ሳምንት ነው፤ ምን እንደሚሠራበት ዓርብ ላይ ስንደርስ እናየዋለን። ቀጣዩ 20 ደቂቃ የጆሮ ነው። እርስዎ ቃል ይላሉ፣ በ«በ» ቤት ድምፅ የሚጀምር ከሆነ ልጆቹ እጅ ያወጣሉ፦ በር፣ ላም፣ በሶ፣ ሎሚ፣ ባል፣ ቡላ። መጀመሪያ ላይ ያለውን ከለዩ ወደ መጨረሻው ይለፉ (ልብ፣ ሩብ)፣ በመጨረሻ መካከል ላይ ያለውን ያምጡ (ሰበረ፣ ልብስ)። የመካከሉ ከሁሉም ይከብዳል። ድምፁን በጆሮው ያልለየ ልጅ ማክሰኞ የሚያየው ምልክት የምን ምልክት እንደሆነ አይገባውም፤ ስለዚህ ይህችን 20 ደቂቃ እንደ ጨዋታ ቆጥረው አይዝለሏት።

ማክሰኞ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ። አምስቱን በአግድም አይጻፉ፤ ከሚያውቋቸው ጋር በቁም ይደርድሯቸው። ሉ፣ ሱ፣ ቡ አንድ ላይ፤ ሊ፣ ሲ፣ ቢ አንድ ላይ፤ ላ፣ ሳ፣ ባ፤ ሌ፣ ሴ፣ ቤ። ከዚያ «ምን ይመሳሰላሉ?» ብለው ይተዋቸው። ለካዕቡ (ለሁለተኛው ቅርጽ፣ እንደ ቡ) መስመር በስተቀኝ ወገቡ ላይ ትወጣለች፤ ለሣልሱ (እንደ ቢ) ቀኝ እግሩ ሥር ትሆናለች፤ ለራብዑ (እንደ ባ) ግራ እግሩ ያጥራል፤ ለኃምሱ (እንደ ቤ) ቀኝ እግሩ ቀለበት ያጠልቃል። ይህንን ራሱ ያገኘ ልጅ 33 ቤት በሰባት ተባዝቶ 231 ሥዕል መሸምደድ አይጠበቅበትም፤ አዲስ ቤት ሲመጣ ግማሹን አውቆ ይጠብቀዋል። ረ ግን ከዚህ ልማድ ይወጣል፣ ሩ እና ሪን ይዩአቸው። ለልጆቹም «ይቺ አመለኛ ናት» ብለው ይንገሯቸው፤ ካልተነገራቸው ሕጉ ራሱ የውሸት ይመስላቸዋል።

ጽሕፈቱ ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ መስመር ይሁን። «አንድ ገጽ ሙሉ በ ጻፉ» የሚለው ሥራ ክፍሉን ያረጋጋል፣ ፊደሉን ግን ያበላሻል። ደብተሩን አንሥተው ይመልከቱ፦ የመጀመሪያው መስመር ደህና ነው፤ ሦስተኛው ላይ እግሮቹ ይከፈታሉ፤ ሰባተኛው ላይ በ መሆኗ ያጠራጥራል። ምክንያቱም ልጁ ከሦስተኛው መስመር በኋላ የሚገለብጠው የእርስዎን በ ትቶ ከላይዋ ያለችውን የራሱን በ ነው። አንድ መስመር ጽፎ ከመካከላቸው ከሁሉ ያማረችውን ራሱ ይክበባት።

ረቡዕ ለ«ብ» እና ለ«ቦ» ለብቻው የተቀመጠ ቀን ነው፤ የአማርኛ ንባብ የሚሰበረው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። ሳድስና ሳብዕ (ስድስተኛውና ሰባተኛው፣ እንደ ብ እና ቦ) ቅርጻቸው ለሁሉም ቤት በአንድ መንገድ አይሄድም፦ ሎ እና ቦ አይመሳሰሉም፣ ል እና ብም እንዲሁ። ቅርጹን በድግግሞሽ ይይዙታል። የሚከብደው የሳድሱ ድምፅ ነው። «ልብስ» ላይ ሦስቱም ፊደሎች ሳድስ ናቸው፤ ስናነባት ግን ል ላይ ብቻ ነው ትንሽ አናባቢ የምትሰማው፣ ብ እና ስ ተያይዘው ይዘጋሉ። በገበታው ላይ ግን ልጁ ሦስቱንም ለየብቻ እየጎተተ ነው የተማራቸው። ስለዚህ «ልእ… ብእ… ስእ…» ይልና ቆሞ ያይዎታል። ፊደሎቹን አውቋቸዋል፣ ቃሉ ግን አልመጣለትም። ብዙ መምህራን ፊደል እንዳላወቀ ቆጥረው ወደ ገበታው ይመልሱታል፤ ይህ ጊዜ ማባከን ነው።

መድኃኒቱ ማያያዝ ነው። ጣትዎን ከሥሩ ያንሸራትቱ፣ ድምፁን ሳይቆርጡ «ልብብስስ» ብለው ቀስ ብለው ይበሉት፣ ቀጥሎ ፈጠን አድርገው፣ ቀጥሎ እንደ ወትሮው «ልብስ»። የራስዎን ልብስ ይንኩ። ከዚያ በሁለት ፊደል ቃላት ይጀምሩ፦ ልብ፣ ብር፣ ስም፣ ስር። ቀጥሎ ራብዕ ወይም ግዕዝ (የመጀመሪያው ቅርጽ፣ እንደ በ) ቀድሞ ሳድስ የሚዘጋባቸው ይምጡ፦ ባል፣ ሳር፣ ማር፣ በር። ሦስት ሳድስ የተደረደሩበት ልብስ የመጨረሻው ነው። ሁሉም ቃል ልጁ ቤቱ የሚሰማው ይሁን፤ የማያውቀውን ቃል አያይዞ ሲያነበው ትክክል ይሁን አይሁን የሚነግረው ነገር የለም። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ስለማይለይም፣ ቃሉን ማወቁ ብቻ ነው ወደ ትክክለኛው አነባበብ የሚያደርሰው።

ሐሙስ ዓረፍተ ነገር ነው። «በሬ ሳር በላ። ሙሉ በሶ በላ። ሌባ በር ሰበረ።» የመጽሐፉም ምንባብ የሚገባው ዛሬ ነው። አንዴ እርስዎ ያነባሉ፣ አንዴ በኅብረት (ኅብረቱን ጨርሰው አይጣሉት፣ ፈሪውን ልጅ ያደፋፍረዋል)፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ በእንጨት እየነካ ያነባል፣ ሌላው እንጨቱ ከድምፁ ጋር መሄዱን ይጠብቃል። በመጨረሻ ቃላቱን ያፈራርቁና «ሌባ በሶ በላ።» ብለው ይጻፉ። ሲያነቡት ይስቃሉ። የሳቀ ልጅ አንብቧል፤ ያልሳቀውን በልብዎ ይያዙት።

13ቱን ልጆች የሚሰሙት ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ክፍሉ ሲጽፍ ወይም ጥንድ ሆኖ ሲያነብ፣ ሰኞና ዓርብ ደግሞ በሒሳቡ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ሲሠሩ ነው። ዴስክ እንዳይከፈል ሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን አራት አራት ዴስክ፣ ዓርብ የቀሩትን አምስት ያድርጉት። ልጆቹን አያስነሡ፣ እርስዎ ይሂዱ፤ ዴስኩ አጠገብ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ ጀርባዎ ግን ለክፍሉ አይሁን። ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ፦ ከቅደም ተከተል የወጡ ሦስት ፊደሎች፣ ሁለት ቃል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ወዲያው የመለሰውን የመደመር ምልክት፣ አስቦ የደረሰበትን ነጥብ፣ ያልቻለውን ባዶ ያድርጉለት። በዚያው ደቂቃ የእርሱን ደብተር እዚያው ያርሙለታል። የደብተር እርማቱም በዚህ ይፈታል፦ 62 ደብተር ሰብስቦ ቤት መሸከም ይቀራል፣ እደላውም አብሮ ይቀራል። በሌሎቹ ቀናት ጥንዶቹ ሰሌዳውን እያዩ ይተራረማሉ። በሳምንት አንዴ ልጁ ፊት የታረመ ደብተር፣ በየቀኑ በቀይ እስክሪቢቶ ተፈርሞ ከሚመለስ ደብተር ይበልጣል፤ አንደኛ ክፍል ልጅ የእርማት ማስታወሻ ማንበብ አይችልማ።

ይህ አሠራር የሚፈርስበት አንድ የታወቀ ቦታ አለ። ልጁ ሲያቅተው መምህሩ እዚያው ሊያስተምረው ይቀመጣል፣ አምስት ደቂቃ ይሄዳል፣ 13ቱ አራት ይሆናሉ። ልብ አያስችልም፣ አውቃለሁ። ባዶውን መዝግበው «ጎበዝ፣ ሰኞ አብረን እንሠራታለን» ብለው ይለፉ፤ የሰኞው 20 ደቂቃ ለእርሱ የተቀመጠ ነው። ክፍሉ ገና ለብቻው መሥራት ካልለመደ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት አራት ልጅ ብቻ፣ በሁለተኛው ስምንት፣ ከዚያ 13 ያድርጓቸው።

ዓርብ አዲስ ነገር የለም። ሩብ ወረቀት ታድለው በዲክቴሽን አምስት ነገር ይጽፋሉ፦ ቤ፣ ቦ፣ በር፣ ልብስ እና «በሬ በር ሰበረ።»። ውጤቱ ማርክ ሆኖ አይመዘገብም፤ ለልጆቹም ይህንን ይንገሯቸው፣ አለበለዚያ ከጎረቤት ይገለብጣሉና የሚያዩት የአንዱን ጎበዝ ልጅ ወረቀት ሦስት ጊዜ ነው። ሲሰበሰብ በሦስት ይከምሩት፦ አምስቱንም የጻፈ፣ ሦስት ወይም አራት የጻፈ፣ ከሦስት በታች የጻፈ። ለአንድ ወረቀት 15 ሰከንድ ቢወስድብዎ 62ቱ በ16 ደቂቃ ያልቃል። ሦስተኛው ክምር ከ20 ወረቀት በላይ ከሆነ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፣ ትምህርቱ አልገባም፤ ሰኞ ለሁሉም ይደገማል። ከዚያ በታች ከሆነ ሰኞ 20ዋን ደቂቃ እነዚያ ልጆች ከፊት ወንበር ከእርስዎ ጋር ይሠራሉ፣ አምስቱን የጻፉት ከመካከለኞቹ ጋር ተጣምረው ያስነብባሉ። ወረቀቱ የት እንደተሳሳቱም ይነግርዎታል፦ «በር»ን «ባር» የጻፈው ግዕዝና ራብዕ ተደባልቆበታል፤ «ልብስ»ን «ልስ» ያለው በጆሮው የመካከሉን ድምፅ አልያዘውም። ለሁለቱ የሚሰጠው ሥራ አንድ አይደለም።

ስለ መጽሐፉ፦ ወደ ኋላ ያስቀረዎት ከሰሌዳ ማስገልበጥ ይመስለኛል። «ገልብጡ» የተባለ አንድ አንቀጽ አንደኛ ክፍል ላይ 25 ደቂቃ ይበላል፤ ማንበብ የማይችል ልጅ ደግሞ ሥዕል እንደሚሥል ሆኖ ይገለብጠዋል፣ ምንም አያነብም። እርሱን ያውጡትና ምንባቡ ሐሙስ ላይ ይገባልዎታል። ርዕሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘር «ስንተኛ ገጽ ደረሱ?» ብለው ሲጠይቁ፣ የሰኞውን ክለሳ በሳምንታዊ ዕቅድዎ ላይ በግልጽ ጽፈው የዓርቡን ሦስት ክምር ያሳዩአቸው። ክምሩን አይቶ የሚከራከር ሰው አያጋጥምም ባልልም፣ በእጅዎ ማስረጃ ይኖርዎታል።

ሒሳቡ በዚሁ መልክ ይሄዳልና አሳጥረዋለሁ። እያንዳንዱ ልጅ ዐሥር ቀጫጭን እንጨት ከቤቱ ያምጣ፤ በዴስኩ 30 ይሆናል፣ ዐሥር ዐሥሩን በክር አስረው በአንድ አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ያስቀምጡት። አማርኛችን እዚህ ያግዘናል፦ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት ሲባል ዐሥሩም ትርፉም በስሙ ውስጥ አለ፣ አንድ እስርና ሁለት እንጨት ማለት ነው። በዚያው መጠን ያሳስታል፤ «ዐሥራ ሁለት» ሲሉት 102 ብሎ የሚጽፍ ልጅ የሰማውን ነው የጻፈው፣ ዐሥርን 10፣ ሁለትን 2። ከካርቶን 10 የሚል ሰፊ ካርድና ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉ ግማሽ ስፋት ያላቸው ካርዶች ይቁረጡ፤ 2ን ከ10 ዜሮ ላይ ሲደርቡት 12 ሆኖ ይታያል፣ ዜሮው ከሥር እንዳለ ልጁ ገልጦ ያያል። 20 ላይ ደግሞ ቆም ይበሉ። ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ ከሦስት፣ ከአራት፣ ከአምስት ጋር ዘመድነታቸው ይሰማል፤ ሃያ ግን ሁለትን አይመስልም። ሁለት እስር እያስነሡ «ሁለት ዐሥር፣ ሃያ» የሚያስብሉበት ሁለት ሦስት ቀን ያስፈልጋል።

ፈረቃው በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ፣ ከሰዓት በምትገቡበት ሳምንት አማርኛውን ወደ መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያምጡት፤ ከሰዓት በኋላ መጨረሻ ላይ ሙቀቱና ድካሙ ተደራርቦ አዲስ ፊደል አይይዝም። የገጠር ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ የገበያውን ቀን ይመልከቱ። ገበያው ረቡዕ ከዋለ ብዙ ልጅ ይቀራል፤ ሳድሱን ያን ቀን ካስተማሩት ሐሙስን ሙሉ መልሰው ሲያስተምሩት ይውላሉ። ያን ቀን ለልምምድ ይተዉትና ሳድሱን ወደ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ያዙሩት።

የቤት ሥራው በቀን ሦስት ቃል ማንበብ ብቻ ይሁን። ወላጅ ማንበብ ባይችልም ችግር የለውም፦ ልጁ ሦስቱን ቃል በጣቱ እየነካ ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ ከዚያ ወላጅ አንዷን በዘፈቀደ ነክቶ «ይቺስ?» ይላል። ከላይ ወደ ታች ሲያነባት ያላት ሌላ፣ ለብቻዋ ስትነካ ያላት ሌላ ከሆነ ሽምደዳ መሆኑን ያልተማረ ወላጅም ይለየዋል። የወላጅ ስብሰባ ቀን ይህንን በአንድ ልጅ ላይ በተግባር ያሳዩአቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ለአራት ተከታታይ ሳምንት ከሦስተኛው ክምር ያልወጣ ልጅ ካለ፣ ስንፍና ነው ከማለትዎ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን ይፈትሹ። ከሚቀመጥበት ቦታ ሰሌዳው ላይ ያሉ አራት ፊደሎችን ይገልብጥ፣ ከዚያ ሌሎች አራት ፊደሎችን ፊት ወንበር ተቀምጦ ይገልብጥ። ከፊት ሲሆን ከተሻለው፣ ወይም እንባ እስኪሞላ ዓይኑን ካጠበበ፣ የማየት ነገር ነው። ለጆሮው ከኋላው ሁለት እርምጃ ቆመው፣ ከንፈርዎን ሳያይ፣ በተራ ድምፅ ስድስት ቃል ይበሉና ይድገምልዎት፦ በር፣ ሳር፣ ማር፣ ስም፣ ልብ፣ ሎሚ። በር ሲሉት ማር፣ ሳር ሲሉት በር እያለ ከደገመ ወይም ፊቱን ወደ እርስዎ ካዞረ፣ በዚያው ቀን መቀመጫውን ፊት ያድርጉለትና ወላጁን ጠርተው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት። ጆሮው የሚፈስ ልጅ ደግሞ ይህ ሙከራም አያስፈልገው፤ ያኔውኑ ይላክ።